ሦስት ማሰሪያ የቀረው ጣሪያ

ፍሬው መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ የላ ሲዬኔጋን ጎዳና ሽቅብ ሲነዳ፣ ነፋሱ መኪናዋን ከጎን እየገፋ ወደ ሌላው መስመር ሊያሻግራት ይታገለው ነበር። የዘንባባ ዝንጣፊ አስፋልቱ ላይ ይንከባለላል፤ ከየት እንደመጣ ያልታወቀ የቆሻሻ በርሜል መሀል መንገድ ቆሞ መኪና ያሳልፋል። ኦሎምፒክ የሚባለው መንገድ ጋ ሲደርሱ የትራፊክ መብራቱ ጠፍቶ ሁሉም በየፊናው ጡሩምባ ይነፋል። ፍሬው አራት ዓመት ኡበር የነዳ፣ በቤተ ክርስቲያን ደግሞ የአስተናጋጆች አለቃ የሆነ ጎልማሳ ነው፤ መኪና አያስፈራውም። ያን ቀን ግን መዳፉን በሱሪው ላይ እየጠረገ ነበር የሚነዳው።

«ፍሬው፣ ትንሽ ፈጠን በልልኝ» አለች እታገኝ ከኋላ። ስትለው ሦስተኛ ጊዜዋ ነው።

ዐርብ የካቲት ዐሥር ቀን ሁለት ሺህ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ነበር። ሎስ አንጀለስ አምስት ዓመት ሙሉ ዝናብ ስትለምን ከርማ፣ የለመነችውን ከነወለዱ በአንድ ከሰዓት በኋላ የተቀበለችበት ቀን። ቴሌቪዥኑ ከዋዜማው ጀምሮ ከባሕር የሚመጣውን የአውሎ ነፋስ ሽክርክሪት በቀይና በቢጫ እየሳለ ሲያስጠነቅቅ ነበር፤ ለቅሶ ላይ ያለ ሰው ግን ቴሌቪዥን አይከፍትም። እታገኝ ባሏን ስዩምን አፈር ካለበሰች ገና አንድ ሰዓት አልሞላትም። ሐዘንተኛ ደግሞ አይቸኩልም፤ ወዴት ይቸኩላል? ከስዩም ወዲያ ምን ቀርቷት ነው ፈጠን በልልኝ የምትለው? አጠገቧ የተቀመጡት የሟች ታላቅ እኅት እትዬ ባንቺአየሁም ይህንኑ ሳያስቡ አልቀሩም። ማክሰኞ ከላስ ቬጋስ የመጡ፣ ወንድማቸውን በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉ ሴት ናቸው። በጎን አይተዋት ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

እታገኝ መስኮቱን በነጠላዋ ጠርጋ የምታየው ሰማዩን አልነበረም። የምታየው ጣሪያ ነው። የጎማ ቤቱን ጣሪያ፣ የፋርማሲውን ጣሪያ፣ የሱፐርማርኬቱን ሰፊ ዝርግ ጣሪያ። በየጠርዙ የተመታውን ቆርቆሮ ታያለች፤ ይርገበገብ እንደሆነ ታያለች። ዐይኗን ጣሪያ ላይ የሰቀለው ከአምስት ቀን በፊት ሆስፒታል ውስጥ የሰማችው ነገር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስዩም ጣሪያ ሠሪ ነበር። ወደ ሎስ አንጀለስ ከመምጣታቸው በፊት ፍሎሪዳ ነበሩ፤ አራት አውሎ ነፋስ በአንድ ክረምት ተራ እየጠበቀ ፍሎሪዳን በመታበት ዓመት እሱ ከጠጋኞቹ ጋር ከከተማ ከተማ ሲዞር ከረመ። የትምህርት ቤት አዳራሽ፣ የዕቃ መጋዘን፣ የገበያ ማዕከል፣ ጎረቤቱ ያለው ትንሽ ቤት ቆሞ እነሱ ጣሪያቸው ተገልብጦ ሜዳ ላይ ወድቆ አየ። ማታ ቤት ሲገባ ስለዚህ ብቻ ነበር የሚያወራው። አንድ ቀን እራት ላይ ከጋዜጣ ላይ ቀጭን ወረቀት ቀደደና በእታገኝ ከንፈር ሥር ይዞ ከላዩ ላይ ንፊበት አላት። ነፋችበት። ወረቀቱ ወደ ታች ይታጠፋል ስትል ሽቅብ ተነሳ። ደግማ ነፋች፤ ደግሞ ተነሳ።

«አየሽ፣ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው» አላት። «ነፋስ ጣሪያን የሚጫነው ይመስለዋል። አይጫነውም፣ ይስበዋል። የሚጀምረውም ከጥግ ነው። ጥግ ላይ ይሽከረከራል፤ ከመሀሉ ይልቅ እዚያ ሁለት ሦስት እጥፍ ይጎትታል። የጠርዙ ቆርቆሮ አንዴ ከተላቀቀ ከላይ የተነጠፈው ላስቲክ ይላጣል፣ ከሱ ሥር ሳንቃው ይሄዳል፣ ከዚያ እግዜር ይሁንህ ነው። በነፋሱ ወገን ያለ ትልቅ በር ከተከፈተማ አለቀ። ነፋሱ ገብቶ መውጫ ሲያጣ ከታች ይገፋል፣ ከላይ ያለው ይስባል። የሚፈላ ድስት ክዳን አይተሽ የለም?»

የቤተ ክርስቲያናቸው አዳራሽ ደግሞ ያው ዓይነት ነው። ከፌርፋክስ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ትንሽ ወረድ ብሎ ያለ የድሮ የምንጣፍ መጋዘን፣ ጣሪያው እንደ አውድማ የተዘረጋ፣ በደቡብ በኩል ለጭነት መኪና የተሠራ በሰንሰለት ሽቅብ የሚጠቀለል የቆርቆሮ በር ያለው። ስዩም ገና በተከራዩት ሰሞን መሰላል አቁሞ አየና ተከዘ። ጣሪያውን የተሸከሙት የእንጨት አግዳሚዎች ግድግዳው ላይ የተቀመጡት በራሳቸው ክብደትና ዕድሜያቸውን በጨረሱ ምስማሮች ነው። ለሽማግሌዎቹ ነገራቸውና በፈቃዱ፣ በየቅዳሜው፣ እያንዳንዱን አግዳሚ ከግድግዳው ጋር በብረት ማሰሪያ ማሰር ጀመረ። በደቡቡ ግድግዳ ላይ ሃያ ሰባት አግዳሚ አለ። ከምዕራብ ተነስቶ ወደ ምሥራቅ እያሰረ ሃያ አራት ደረሰ።

ሦስት ሲቀረው እንቁጣጣሽ እሑድ ላይ ዋለች። ሽማግሌዎቹ ደስ ሊያሰኙት ፈልገው፣ ማንንም ሳይጠይቁ፣ ጣሪያችን ተጠናቀቀ ብለው መድረክ ላይ አወጡት። ጥለቱ ወርቃማ ጋቢ አለበሱት። ጉባኤው ቆሞ እልል አለ፣ ፎቶ ተነሳ፣ ቫይበር ላይ ተለቀቀ። ስዩም ጋቢውን እንደለበሰ ቤት ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

ሦስት እኮ ቀርቶኛል አላት። ንገራቸዋ አለችው። ጋቢ ካለበሱኝ በኋላ? አለ ስዩም፤ ቅዳሜ ወጥቼ እጨርሰዋለሁ፣ ማንም አያውቅም። ቅዳሜ መሰላሉን ግማሽ ወጥቶ ትንፋሽ አጠረውና ወረደ። የሚቀጥለው ቅዳሜ ሐኪም ቤት ነበር። ጉበት አሉት፤ አምስት ወር አልሰነበተም። እንግዲህ ይሉኝታ የሚሉት በሽታ እንዲህ ነው፤ ጉበትን የሚያክም ሐኪም ይገኛል፣ ይሉኝታን የሚያክም እስከ ዛሬ አልተገኘም። ሊሞት ሁለት ቀን ሲቀረው እጇን ያዘና፣ ዝናብ ብቻ ከሆነ ግድ የለም፣ ነፋስ ከሆነ ግን ያን የደቡብ በር እንዳያስከፍቱ አላት። ለሽማግሌዎቹ ልንገራቸው? አለችው። ዐይኑን ጨፈነ። እሷም ሆድ ይፍጀው ብላ ያዘችው።

መኪናዋ ወደ አዳራሹ ግቢ ስትታጠፍ እታገኝ መጀመሪያ ያየችው በሩን ነው። ክፍት ነበር። ዝናቡ እንዳይገባ እስከ ግማሽ ዝቅ አድርገውታል፣ ግን ክፍት ነው። ነፋሱ ደግሞ ከደቡብ ምሥራቅ፣ ፊት ለፊቱ ይመጣል።

ውስጥ ሦስት መቶ ሰው ይሆናል። ከፓልምስ ሥራ አስፈቅዶ የመጣ አለ፣ ከዌስትቼስተር የሆቴል ዩኒፎርሙን ሳያወልቅ የመጣ አለ። ከኩሽና ንፍሮው ይወጣል፣ መዘምራኑ ዝግ ባለ ድምፅ ይዘምራሉ። ለእታገኝና ለእትዬ ባንቺአየሁ ወንበር የተዘጋጀው በሩ አጠገብ ነው፤ የሚገባው ለቀስተኛ መጀመሪያ ሐዘንተኞቹን እንዲያገኝ። ቀና ብላ ብታይ የደቡብ ምሥራቁ ጥግ ልክ ከራሷ በላይ ነው። ከውጭ ደግሞ ድምፅ ይሰማል፤ ጣ፣ ጣ፣ ጣ። የጠርዙ ቆርቆሮ ነው። ሌላው ሰው ዝናብ መስሎታል።

ፍሬውን ጠርታ ቀስ ብላ ያንን በር ዝጋልኝ አለችው። ኦኬ ብሎ ሰንሰለቱን ሊይዝ ሲል ጋሽ ሀይለገብርኤል ክንዱን ያዙት። የሽማግሌዎች ሰብሳቢ ናቸው፤ በጦር ሠራዊቱ ዘመን ሻምበል የነበሩ፣ ከዚያ እዚህ አገር ሃያ ዓመት የሰው መኪና ሲያቆሙ የኖሩ፣ አሁንም የድሮ ሰዎች ሻምበል እያሉ የሚጠሯቸው ቀጥ ያሉ ሽማግሌ። የሳን ዲዬጎ ወንድሞች በአውቶቡስ እየመጡ ነው አሉት፤ ደርሰው በር ተዘግቶ ቢያገኙት ምን ይላሉ? የለቅሶ ቤት በር አይዘጋም። እትዬ ባንቺአየሁም ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በወንድሜ ላይ በር አይዘጋም አሉ። ፍሬው ሰንሰለቱን ለቀቀ።

እታገኝ እውነቱን ልትናገር አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። ምን ልትል? ሬሳው ሳይቀዘቅዝ፣ ሰው ሁሉ የስዩምን እጅ እያመሰገነ፣ ባለቤቲቱ ተነስታ ሥራውን ሳይጨርስ ጋቢ ለበሰ ትበል? ሙት ወቃሽ ከመባል ሞት ይሻላል። ስለዚህ ዘዴ ፈለገች። ውሸትም አይደለም፣ ግማሽ እውነት ነው።

«በረደኝ» አለች ጮክ ብላ። «በሩ… በረደኝ።»

አቤት የሐበሻ ርኅራኄ! በሩን የዘጋ አንድም ሰው የለም። አንዷ ነጠላዋን አወለቀች፣ አንዱ ኮቱን ደረበላት፣ ከኩሽና ትኩስ ሻይ መጣ። እትዬ ባንቺአየሁ ከሻንጣቸው ጋቢ አውጥተው ከሁሉም በላይ አለበሷት። ጥለቱ ወርቃማ ነው። ያው እራሱ ጋቢ፣ ስዩም ጣሪያውን ጨረሰ ተብሎ የለበሰው፣ እትዬ ለመታሰቢያ ከቤቱ ያነሱት። እታገኝ ጥለቱን ስታየው ላብ አጠመቃት።

ላቡ ሌላ ዘዴ ሰጣት። አሁንማ ታመምኩ ብል ወደ ኩሽና በኩል ይወስዱኛል፣ ሰዉም ተከትሎኝ ከዚህ ጥግ ይነሳል አለች በልቧ። ራሴን አዞረኝ ብላ ግንባሯን ያዘች። ይህቺ ዘዴ ደግሞ ከመጀመሪያዋ የባሰች ሆነች። አየር! አየር ስጧት! ተባለ። ሁለት ጎረምሶች ሮጠው ሰንሰለቱን ሳቡና ግማሽ የነበረውን በር እስከ ላይ ድረስ ጠቀለሉት።

ነፋሱ ሙሉውን ገባ። የወረቀት ሳህን ከጠረጴዛ ላይ ተነስቶ እስከ መድረኩ ሄደ፤ የስዩም ፎቶ ከነፍሬሙ ተደፋ። ሰዉ ሳቅና ድንጋጤ በቀላቀለ ድምፅ ነጠላውን ያዘ። እታገኝ ግን ወደ ላይ ነበር የምታየው። ከራሷ በላይ ያለው የመጨረሻው አግዳሚ ከግድግዳው ላይ ተነሳ። ጣት ያህል ብቻ፣ ብርሃን እስኪያሳይ ድረስ። ከዚያ መልሶ ተቀመጠ። የስድሳ ዓመት ዐቧራ ረግፎ ነጩ ጋቢ ላይ ወረደ።

ጋሽ ሀይለገብርኤል በዚህ መሀል ማይክሮፎኑን ይዘው መናገር ጀምረው ነበር። ጉባኤውን ለማረጋጋት መሆኑ ነው። አትፍሩ፣ ወንድማችን ስዩም በሠራው ጣሪያ ሥር ነን አሉ፤ እሱ አልፏል፣ ሥራው ግን እነሆ በላያችን ቆሞ ይመሰክራል። አሜን አለ ሰዉ። አግዳሚው እንደገና ተነሳ፤ አሁን ሁለቱ አንድ ላይ።

እታገኝ ተነሳች። በለቅሶ ላይ ባለቤቷ የሞተባት ሴት ከተቀመጠችበት ተነስታ በሰው መሀል ስትሄድ ያየ ስለሌለ፣ ሰዉ መንገድ እየለቀቀ አፉን ከፍቶ ቀረ። ማይክሮፎኑን ከሻምበሉ እጅ ወሰደች፤ ሰጧት ማለት አይቻልም፣ ወሰደች።

«ስዩም ይህን ጣሪያ አልጨረሰውም» አለች።

ከውጭ የቆርቆሮው ጣ ጣ ብቻ ቀረ።

«አልጨረሰውም። እናንተ አመሰገናችሁት፣ እሱ አፈረ፣ ከዚያ ታመመ። ነግሮኝ ነበር፤ እኔም አፍሬ ዝም አልኩ። ነፋሱ ሲነሳ ያ በር ክፍት ከሆነ ጣሪያው ይሄዳል። እባካችሁ ዝጉት። ከዚያ ጥግ ተነሱ፣ ወደ ኩሽናው ግድግዳ ሂዱ። እባካችሁ።»

ከዚያ የእትዬ ባንቺአየሁ ድምፅ መጣ፤ ጌታ ሆይ፣ ገና አፈሩ ሳይደርቅ አሉ። ጥቂት ሴቶች ከንፈራቸውን መጠጡ። አንድ ሰው ሐዘን ነው፣ ሐዘን አናቷ ላይ ወጥቶ ነው አለ። እታገኝ ፊቷ ነደደ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ዐይኗን ግን ከጋሽ ሀይለገብርኤል ላይ አልነቀለችም። እሳቸውም አይዋት። አንዳች ነገር፣ ምናልባት ያ የድሮው መኮንን፣ ከሽማግሌው ውስጥ ቀና ሲል ታየ።

«ስንት ቀረው?» አሉ።

«ሦስት።»

«በየት በኩል?»

«እዚያ። እኔ የተቀመጥኩበት።»

ሻምበሉ ሌላ አልጠየቁም። ያለ ማይክሮፎን ሦስት መቶውን ሰው ያስደነገጠ ድምፅ አወጡ። ሴቶችና ልጆች ወደ ሰሜን ግድግዳ፣ ወንዶች ከእኔ ጋር ወደ በሩ፣ ወንበር ማንም አይያዝ! ሰዉ ወዲያው ተንቀሳቀሰ። ፍሬው ሰንሰለቱ ላይ ተንጠለጠለ፤ በሩ ነፋሱን ተቃውሞ መውረድ አቃተው፣ ሆዱን ወደ ውስጥ ነፍቶ ከሐዲዱ ሊወጣ ደረሰ። ስምንት ወንዶች በጀርባቸው ተደግፈው ገፉት፣ ሌሎች ሰንሰለቱን ሳቡ፣ ሻምበሉ እየቆጠሩ ያስጎትታሉ። ክንድ በክንድ ወረደ። መሬት ሲነካ የሁሉም ጆሮ ጧ ብሎ ተከፈተ፤ አዳራሹ ትንፋሹን የዋጠ ይመስል ጸጥ አለ።

እታገኝ ሰዉን በዐይኗ ስትቃኝ አንድ ጎደለባት። እትዬ ባንቺአየሁ ከወንበራቸው አልተነሱም። ብቻቸውን፣ በባዶዎቹ ወንበሮች መሀል፣ ከዚያ ጥግ ሥር፣ ነጠላቸውን አገጫቸው ድረስ ስበው ተቀምጠዋል። ፍሬው ሄዶ ለመናቸው፤ ንቅንቅ አላሉም። እታገኝ ሄደች። ጣሪያው ከላይ ይንጫጫል።

«እትዬ፣ ይነሱ። ሙት ወቃሽ ይበሉኝ፣ የፈለጉትን ይበሉኝ፣ ብቻ ይነሱ።»

«ወንድሜ ሥራ ሳይጨርስ ምስጋና የሚቀበል ሰው አይደለም» አሉ ሳያዩዋት። «ወንድሜን አውቀዋለሁ። ይህ ጣሪያ አይወድቅም። እዚሁ እቀመጣለሁ።»

እታገኝ ልትለምን አሰበች፣ ልትጎትታቸው አሰበች። ከዚያ ሁሉንም ተወችውና አጠገባቸው ባለው ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች። ጋቢውን አስተካክላ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣመረች። ፍሬው ከወዲያ እኅት እታገኝ! እያለ ይጣራል። አንድ ደቂቃ አልሞላም፤ ለእሷ ግን አምስቱን የበሽታ ወራት ያህል ረዘመባት። እትዬ ባንቺአየሁ ዞረው አይዋት። ፊቷ ላይ ያ ሁሉ ዐቧራ አለ፤ ግን አትነሳም።

«ተነሺ!» አሉ እትዬ ባንቺአየሁ፣ በቁጣ። «ተነሺ እንጂ! ደግሞ አንቺን ልቅበር?»

እጇን አፈፍ አድርገው እሳቸው እየጎተቷት ተነሱ። መሀል አዳራሹ ላይ ሲደርሱ ከኋላቸው ትልቅ ጨርቅ የሚቀደድ የመሰለ ድምፅ መጣ፤ ከዚያ ቋ፣ ቋ፣ ቋ፣ ሦስት ጊዜ። ሲዞሩ ሰማይ ታየ። የጥጉ ሳንቃ የለም፤ ከሦስቱ አግዳሚዎች አንዱ ተሰብሮ ወንበሮቹ ላይ ወድቋል፣ ሁለቱ ተገንጥለው ተንጠልጥለዋል። ዝናቡ በቀዳዳው እየተዘረገፈ የተቀመጡበትን ቦታ ያጥባል። አንድ ትልቅ ሳንቃ ውጭ ግቢው ውስጥ የፍሬው ፕሪየስ ኮፈን ላይ ሲያርፍ ተሰማ። ፍሬው ድምፁን አወቀው፤ መኪናዬ አለና መልሶ፣ ትሂድ፣ መኪና ነው አለ።

ሰዉ ሁሉ ቀጣዩን ጠበቀ። ቀዳዳው ይሰፋል፣ ቀሪው ይላጣል ብሎ ጠበቀ። ሕፃናት ያለቅሳሉ፣ አንዳንዱ ተንበርክኮ ይጸልያል፣ አንዳንዱ ስልኩን አውጥቶ ይቀርፃል። ነፋሱ ለሌላ አንድ ሰዓት አልተኛም። ጣሪያው አለቀሰ፣ ተንጫጫ፣ ዐቧራውን አራገፈ። አንድ ጣት ግን አልሰፋም።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነፋሱ ሲዝል ጋሽ ሀይለገብርኤል ባትሪ አብርተው ወደ ቀዳዳው ተጠጉ። ሰዉ ከኋላቸው ቆመ። ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ርሷል። ብርሃኑን በግድግዳው አናት ላይ ቀስ ብለው አስኬዱት። ቀዳዳው ባለቀበት ቦታ ላይ፣ ከተገነጠለው ቀጥሎ፣ አንድ አግዳሚ ቀጥ ብሎ ቆሟል። እግሩን ሁለት ጣት የሚሰፋ አዲስ ብረት አቅፎታል፤ በብረቱ ላይ ምስማሮቹ በአንድ መስመር ተደርድረዋል። ከሱ ቀጥሎም ሌላ፣ ከዚያም ሌላ፣ እስከ ምዕራቡ ጫፍ ድረስ።

«ሃያ አራተኛው» አለች እታገኝ።

ሻምበሉ ባትሪውን ዝቅ አደረጉ። ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ ጋቢውን ቸኩለን አለበስነው አሉ፤ ጥፋቱ የኛ ነው፣ እሱ እንዲናገር ቦታ አልተውንለትም። እታገኝ ራሷን ነቀነቀች። ከሞተ ጀምሮ ያላለቀሰችው ለቅሶ ያኔ መጣ፤ በቀብሩ ላይ ያልመጣው፣ እዚያ ውሃ ውስጥ እንደቆመች መጣ። ማንም ተጽናኚ አላላትም።

ከውጭ በሩ ተንኳኳ። የሳን ዲዬጎ ሰዎች ናቸው፤ አውቶቡሳቸው መንገድ ላይ በወደቀ ዛፍ ተይዞ አራት ሰዓት ዘግይተው መድረሳቸው ነው። ፍሬው ወደ እታገኝ አየ። ዐይኗን ጠርጋ ክፈቱላቸው አለች። በሩ ተጠቀለለ፤ የበሰበሱ ሠላሳ ሰዎች ተቃቅፈው ገቡና ክፍቱን ጣሪያ፣ የተሰበረውን ወንበር፣ ጣሪያ ሥር የቆመውን ውሃ አይተው ቆሙ። ከመሀላቸው አንዲት ሴት ድንጋጤዋን መደበቅ አቅቷት፣ ይህ ነው እንዴ ስዩም የሠራው ጣሪያ አለች።

እታገኝ ልትመልስ ስትል እትዬ ባንቺአየሁ ቀደሟት። ወደ ፊት ሁለት እርምጃ ሄደው ጣታቸውን ወደ ላይ አነሱ። ጣታቸው ቀዳዳውን አልፎ ከዚያ ወዲህ ባለው ብረት ላይ ቆመ።

«ከዚያ ወዲያ ያለው ያልነካው ነው» አሉ። «ከዚያ ወዲህ ያለው የወንድሜ ነው። ግቡ፣ ዝናብ አይምታችሁ።»

ከዚያ ወደ እታገኝ ተመልሰው ደረቅ ወንበር አስመጡና አጠገቧ ተቀመጡ። ጋቢው ርሶ ከብዶ ነበር፤ ጫፉን ጨምቀው ግማሹን ወደ ራሳቸው ትከሻ ሳቡት። ለቀስተኛው መሰለፍ ጀመረ።